አሮጌ የወታደር ተሳቢ በአነስተኛ ገንዘብ ማደስ፤ ከየቱ ልጀምር?

ዘላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ንብረቶችን በጨረታ ሲያስወግድ ባለ ሁለት ጎማ አሮጌ የወታደር ተሳቢ ገዛሁ። የጨረታው ደረሰኝና የርክክብ ደብዳቤው በእጄ ናቸው። ተሳቢው ለዓመታት ግቢ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የኖረ ነው። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ ሣጥኑ ውኃ አቁሮ አፈርና ቅጠል ሞልቶበታል፤ የቀኙ ጎማ ጭራሽ አይዞርም። ከፊት በኩል ካለችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ቀለሙን በቀስታ ብፍቀው ኤም 416 የሚል ጽሑፍ ወጣ።

የምፈልገው ለመስኖ ሥራ ነው። በላህ ወንዝ ዳር ሁለት ቦታ ሽንኩርትና በቆሎ አለማለሁ። የውኃ መሳቢያ ሞተሩን፣ ቱቦዎቹንና ነዳጁን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው የማዞረው እስከ ዛሬ በኪራይ ነው። መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ለእድሳቱ የመደብኩት 45,000 ብር ሲሆን ከዚያ በላይ ከየትም አላመጣም።

አንድ በያጅ አይቶት «መጀመሪያ ቀለም ቀብተን መልክ እናስይዘው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «የወታደር ዕቃ ነው፤ አሥር ኩንታል ቢጫንበት አይነቃነቅም» ይላል። እውነት ነው? ገንዘቡንስ በምን ቅደም ተከተል ላውጣው? የሠራ ሰው ካለ ይምከረኝ።

ባለ ቶርኖው (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ሰነድ ያለው የወታደር ተሳቢ በቀላሉ አይገኝም።

ቀለሙን ለጊዜው ተወው። ያለህ ገንዘብ ውሱን ስለሆነ እያንዳንዱ ብር ከሣጥኑ በታች መዋል አለበት። ተሳቢ ሰው የሚጎዳው ጎማው ሲወልቅ፣ ክንዱ ሲሰበር ወይም ከመንጠቆው ሲያመልጥ ነው። ላዩ ቢዝግ ማንም አይሞትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚዞረውን ሁሉ ፈትተህ እይ፤ ኩሽኔታ (ጎማውን የሚያዞረው የሮለር መሽከርከሪያ)፣ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሐል)፣ ጎማ። ቀጥሎ የመጎተቻ ክንዱንና ቀለበቱን መርምር። ከዚያ ባሌስትራውን (ክብደቱን የሚሸከሙትን ተደራራቢ ብረቶች)፣ ከዚያ መብራቱን። የተረፈ ካለ ቀለም ትገዛበታለህ፤ ካልተረፈ በሚቀጥለው ዓመት።

አሥር ኩንታል ያለህ ሰው ግን መኪናህንም አንተንም አይወድም።

አሮጌ መካኒክ (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሠራዊቱ ጋራዥ ውስጥ ነውና ስለዚህ ዕቃ የማውቀውን ልንገርህ።

ኤም 416 ከጂፕ ኋላ እንዲሄድ የተሠራ የአሜሪካ ሩብ ቶን ተሳቢ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከፈረመች በኋላ የሠራዊታችን ተሽከርካሪ በብዛት ከዚያው ይመጣ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተቆራረጥን በኋላ የሶቪየቱ ዕቃ ተተካ፤ ጂፑ ቀርቶ ዋዝ መጣ። ስለዚህ በእጅህ ያለው ዕቃ ዕድሜ ጠገብ ቢሆን አይግረምህ። ብረቱ ግን ጥሩ ብረት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ፋብሪካው በአስቸጋሪ መሬት ላይ የፈቀደለት ጭነት 500 ፓውንድ ነው። በእኛ ሚዛን 227 ኪሎ ይሆናል፤ ሁለት ኩንታል ከሩብ ማለት ነው። ባዶውን ደግሞ ወደ 260 ኪሎ ይመዝናል። ሰው የወታደር ዕቃ ሲያይ ሁሉን የሚችል ይመስለዋል። ጥንካሬው የተሰጠው ሁለት ኩንታሉን በድንጋይ፣ በጭቃና በወንዝ ውስጥ ሳይሰበር ለዓመታት እንዲያመላልስ ነው፤ አሥር ኩንታል በአስፋልት እንዲሸከም አይደለም። ይህን ካወቅህለት ለልጅህም ይተርፋል።

ሌላው፣ ሣጥኑ ውኃ እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራው ወንዝ ሲሻገር እንዲንሳፈፍ ነው። ውኃ ያቆረውም ለዚህ ነው። ወለሉ ላይ የማፍሰሻ መክፈቻ አለው፤ አፈሩን ስትጠርግ ታገኘዋለህ። አንተ የምትንሳፈፍበት ወንዝ ስለሌለህ ክረምት ከበጋ ክፍት አድርገህ ተወው።

ጮቄ ደጋ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ኩንታል ለመጎተት ማን ይለፋል? አህያ ጋሪስ ከዚያ በላይ ይጭን የለም እንዴ? እኔ ብሆን ያንን አክስል አውልቄ የአይሱዙ አክስልና ባሌስትራ አስገባበት ነበር። ስምንት ኩንታል ድንች በአንድ ጊዜ ገበያ ይደርሳል። ሣጥኑ ጠንካራ ነው ካላችሁ ለምን በከንቱ ይቀመጣል?

ባለ ቶርኖው (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ ጮቄ፣ ሐሳብህ የገበሬ ሐሳብ ነው፤ ድንች በትከሻ የሚወርድበትን አገር አውቀዋለሁ። ነገር ግን አክስል ሲቀየር የሚቀየረው አክስሉ ብቻ ነው። ክንዱ፣ ሻንሲው (ዋናው የብረት አጽሙ)፣ ቀለበቱ፣ ቀለበቱን የያዘው ቡሎን፣ የመኪናው የኋላ አካልና የመኪናው ፍሬን እንደ ነበሩ ይቀራሉ። ስምንት ኩንታል ሲጫንበት ከነራሱ ከ1,000 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ራሱን የሚያቆም ፍሬን ግን የለውም። በአውሮፓ አገሮች ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዲበልጥ አይፈቀድም። ያውም በጥሩ አስፋልት ላይ። ከጮቄ ሥር የሚወርደውን ቁልቁለት አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ለስምንት ኩንታል ድንች ከመሠረቱ ለዚያ የታሰበ፣ ፍሬን ያለው ተሳቢ አሠራ። ይህንን ግን አትቁረጠው።

ደጀን ሹፌር

በዚህ ላይ አንድ ቃል ልጨምር። የዓባይን በረሃ ለዓመታት ወርጄ ወጥቻለሁ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ከኋላህ ፍሬን የሌለው ክብደት ሲገፋህ የመጀመሪያዎቹ ጠመዝማዛዎች ላይ ምንም አይታወቅህም። ፍሬንህ ከጋለ በኋላ ግን ፔዳሉን ብትረግጠው እንደ ቅቤ ይሰጥማል። እዚያ ዳር ላይ የተገለበጠ ያየ ሰው ስለ ስምንት ኩንታል አያወራም።

ዘላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ስለ 227 ኪሎው ከነገሩኝ በኋላ ዕቃዬን ሁሉ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ወስጄ በሚዛን አስመዘንኩት። ሞተሩና መሳቢያው ከነእግሩ 110 ኪሎ፣ ቱቦዎቹ 45 ኪሎ፣ የመፍቻና የመለዋወጫ ሣጥኑ 15 ኪሎ ሆነ። ነዳጅ በበርሜል ልይዝ ነበር ያሰብኩት፤ ግን 200 ሊትር ናፍታ ብቻውን ወደ 170 ኪሎ ሆነብኝ። በርሜሉን ትቼ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብይዝ ጠቅላላው ከ210 ኪሎ አይበልጥም። ልክ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው ማለት ነው። አክስሉን አልነካም።

አሁን የቀኙ ጎማ ላይ ነኝ። በክሪክ አንሥቼ በሁለት እጄ ብገፋው አይነቃነቅም። በመዶሻ ልምታው?

አሮጌ መካኒክ (ባሕር ዳር)

አትምታው። በመዶሻ የተመታ ሞዞ ውስጡ ያለውን ደህናውን ኩሽኔታ ጭምር ያበላሻል።

የሞዞውን ክዳን በካቻቢቴ ዙሪያውን እየነካካህ አውጣው። ከሥሩ ዳዶውን የሚቆልፍ ፒን ታገኛለህ፤ በፒንሳ አቅንተህ ሳብ። ይህን ፒን መልሰህ አትጠቀምበት፤ የጥቂት ብር ዕቃ ነው፤ ጎማህን ይዞልህ የሚኖረው ግን እሱ ነው። ዳዶው ከተፈታ በኋላ ሞዞውን ወደ ራስህ እያወዛወዝህ ሳበው። ካልወጣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ወይም ናፍታ አጠጥተህ አሳድረው።

ሲወጣ ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ እጠበውና ፀሐይ ላይ ያዘው። ሮለሮቹን አንድ በአንድ እያዞርህ እይ። ብርማ ሆኖ ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ነጠብጣብ ጉድጓድ ካለበት ዝገት በልቶታል። ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጥላ ካየህበት ደግሞ አንድ ቀን በጣም ግሎ ነበር ማለት ነው፤ ጥንካሬው ሄዷል። የተቀመጠበትን ቀለበትም በጥፍርህ ዳስሰው፤ ጥፍርህን የሚይዝ ነገር ካለ ይቀየር።

እናት መለዋወጫ (ቡሬ)

ወንድሜ፣ እኔ መለዋወጫ ሱቅ አለኝና ሰው ሲቸገር የማየው በዚሁ ነው። «የወታደር ተሳቢ ኩሽኔታ አለሽ?» ብሎ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ኩሽኔታ የሚገዛው በመኪናው ስም ሳይሆን በራሱ ቁጥር ነው። አጥበህ ጠርዙን ብታይ ተቀርጾበታል። የውስጡና የውጩ ቁጥር ይለያያል፤ ሁለቱንም ጻፍ። ቁጥሩ ከጠፋ የውስጥ ስፋቱን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን በካሊፐር አስለካ። ስትገዛም ሮለሩን ከነመቀመጫ ቀለበቱ ግዛ፤ አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ ቶሎ ይበላሻል። ኦይል ሲሉም (ግራሶው እንዳይወጣ፣ ውኃ እንዳይገባ የሚዘጋው ጎማ) በመለኪያው ነው የሚፈለገው።

ዋጋው የሚጎዳ ከሆነ የሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ መቀየር ግዴታ አይደለም። ደህና የሆነውን አጥበህ በአዲስ ግራሶ መልሰው። ኦይል ሲሉን ግን በሁለቱም በኩል አዲስ አድርግ፤ ውኃ የሚገባው በእሱ በኩል ነው።

ዘላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

ወጣ! ናፍታ ጠጥቶ ካደረ በኋላ በእጅ ተሳበ። እህቴ፣ ቁጥሮቹ በግልጽ ይነበባሉ። የቀኙ የውስጥ ኩሽኔታ ሮለሮቹ ከዝገት ጋር አንድ ሆነው ተጣብቀዋል፤ የውጩ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው። የግራው ሁለቱም እንደ መስታወት ናቸው። ስለዚህ የምገዛው የቀኙን ብቻ ነው።

የግራውን ጎማ ስፈታ ግን ዳዶዎቹ እምቢ አሉ። በቧንቧ አስረዝሜ ብጫን አንዱ ሊበጠስ ነው። ምን ላድርግ?

ጎሚስታው (መራዊ)

አቁም! ወደ ሌላው አቅጣጫ ሞክር። በብዙ አሮጌ የአሜሪካ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ላይ የግራ ጎን ቡሎኖች ጥርስ ግራ ዞር ነው፤ የሚፈታው ሌላው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። የቡሎኑን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ አጽዳና የላቲን ኤል ፊደል ካለበት እይ። ሰው ይህን ሳያውቅ ስንቱን ቡሎን በጥሷል።

በዚያው ስለ ጎማው ልናገር። የዚህ ተሳቢ ጎማ 7.00-16 ነው። ለቀላል የጭነት መኪና የሚውል ቁጥር ስለሆነ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን አይጠፋም። ያገለገለ ጎማ ገዝተህ ገንዘብ ለማዳን ብታስብ አልከለክልህም፤ ግን ጥርሱን ብቻ አትይ። ጎኑን በእጅህ አጥፈህ እይ፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ ተወው። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ያለው የምርት ቁጥርም አለ። 3418 ቢል እ.ኤ.አ. በ2018 በ34ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ የአሥራ አምስት ዓመት ጎማ ጥርሱ ካለቀ የሦስት ዓመት ጎማ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ቸርኬው (ጎማው የሚለብሰው ብረት) ከዛገ አትጨነቅ። ባለ አምስት ቡሎን ሲሆን ቡሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። የዋዝም ልኩ ይኸው ነው። በየጋራዡ ግቢ የወደቀ ዋዝ አይጠፋምና ቸርኬውን በርካሽ ታገኛለህ፤ ግን ብዙው አሮጌ ዋዝ ባለ 15 ኢንች ስለሆነ ለጎማህ ባለ 16ውን ፈልግ። ከመግዛትህ በፊት ግን የመሐሉ ቀዳዳ በሞዞህ ላይ መግባቱን፣ የዳዶህ ሾጣጣ ጫፍም በቀዳዳው ውስጥ በልኩ መቀመጡን ገጥመህ አረጋግጥ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ አሮጌ የወታደር ቸርኬ ከሁለት ክፍል ተሠርቶ ዙሪያውን በቡሎን የተጋጠመ ነው። እንዲህ ያለ ቢያጋጥምህ ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ሳታወጣ አንድም ቡሎን እንዳትነካ። የቫልቩን ውስጥ አውልቀህ፣ ሽቦ አስገብተህ፣ ምንም እንዳልቀረ አይተህ ነው የሚፈታው። በነፋስ እንደተሞላ የተፈታ ቸርኬ ሰው ይገድላል።

ዘላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

ኤል አለበት! ወደ ቀኝ ባዞረው ያለ ቧንቧ ተፈታ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለ ቶርኖው (ደብረ ማርቆስ)

ጥሩ እየሄድህ ነው። አሁን ጎማው ወልቆ ሳለ ክንዱን መርምር። ስንጥቅ በዓይን አይታይምና በዚህ መንገድ አድርገው።

ክንዱ ከሣጥኑ ፊት ጋር የሚገናኝበትንና ቀለበቱ የታሰረበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ድረስ አጽዳ። በነጭ ጋዝ ቀባውና ጥቂት ቆይ፤ ጋዙ ስንጥቅ ካለ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ ላዩን በጨርቅ በደንብ ጠርገህ አድርቀው። የተፈጨ ጠመኔ በላዩ ነስንስና ክንዱን በመዶሻ ቀስ አድርገህ መታ መታ አድርገው። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ተመልሶ ይወጣና በነጩ ጠመኔ ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ያሳይሃል። አንድ ብርም አያስወጣም፤ እኔ በቶርኖ ቤቴ ውስጥ አሁንም እጠቀምበታለሁ።

ዘላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

ሠራሁት። ክንዱ ንጹሕ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ በግራ በኩል፣ ከሣጥኑ ጋር በተበየደበት ጥግ ላይ የጣት ግማሽ የምታህል መስመር ወጣች። ባዶ ዓይኔን ብጥል አላያትም ነበር። በያጃችን «አንድ ነጥብ ጣል አድርጌባት እሄዳለሁ» ይላል። እንዲሁም ከባሌስትራው ቅጠሎች አንዱ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ እሱንም አብሮ ሊበይደው ፈልጓል።

ባለ ቶርኖው (ደብረ ማርቆስ)

ሁለቱንም አትፍቀድለት።

ባሌስትራ አይበየድም። ብረቱ የሚለጠጠውና የሚመለሰው በፋብሪካ በእሳትና በማቀዝቀዝ በተሰጠው ጥንካሬ ነው። ብየዳው ያንን ጥንካሬ ያፈርሰውና ከብየዳው አጠገብ እንደ ደረቅ እንጨት ይሰበራል። ቅጠሉን አውጥተህ ስፋቱንና ውፍረቱን ለካ፤ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ተመሳሳይ ቅጠል ፈልገህ አስቆርጠህ ተካው። ቅጠሎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶችም አዲስ አድርግ።

ክንዱ ላይ ያለችው ስንጥቅ ግን በብየዳ ትጠገናለች፤ በላዩ ነጥብ በመጣል ግን አይደለም። መጀመሪያ ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፤ እንዳይቀጥል የሚያቆመው እሱ ነው። ከዚያ ስንጥቁ እስከ መጨረሻው በዲስክ ተከፍቶ ይሞላ። ኤሌክትሮዱ (የብየዳ ዘንጉ) ቁጥር 7018 ይሁን። በያጆቻችን የለመዱት 6013 ለላሜራ ጥሩ ነው፤ ጭነት ለሚሸከም ክንድ ግን 7018 ይሻላል። እሱ ደግሞ እርጥበት አይወድም፤ በእኛ አገር ክረምት ተከፍቶ የከረመ ፓኮ ከሆነ አትጠቀሙበት። በመጨረሻም ከላይ አንድ ማጠናከሪያ ብረት ይጨመርበት፤ ብየዳው ክንዱን አቋርጦ ሳይሆን በርዝመቱ አቅጣጫ ይሂድ። አቋርጦ የሄደ ብየዳ የሚቀጥለውን ስንጥቅ ይጠራል።

ብየዳው ሲሠራ ተሳቢው ከመኪናህ ጋር መያያዝ የለበትም።

ጮቄ ደጋ

እኔ ለመቃወም ገብቼ ተምሬ ወጣሁ። የጠመኔውን ዘዴ በጋሪዬ አክስል ላይ ሞክሬው ስንጥቅ አገኘሁበት። ስለ ስምንት ኩንታሉ ግን አሁንም ልቤ አልተቆረጠም፤ የገበሬው ችግር ሁለት ኩንታል ከሩብ አይደለም።

እናት መለዋወጫ (ቡሬ)

ወንድሜ ጮቄ፣ እውነትህን ነው፤ ችግሩ ትልቅ ነው። ለዚያ ራሱን የቻለ ውይይት ክፈት፤ ፍሬን ያለው ተሳቢ ያሠሩ ሰዎችን ከቡሬ አውቃለሁ፤ እጋብዛቸዋለሁ።

ለዘላህ ወንዝ፦ የኤሌክትሪኩን ነገር ማንም አላነሣም። የአሜሪካ ወታደራዊ ተሽከርካሪ 24 ቮልት ነው፤ ያንተ ሃይሉክስ 12 ቮልት ናት። የድሮውን አምፖል ብታበራው ደብዝዞ ይታያል እንጂ አይረዳህም። አምፖሉን በ12 ቮልት ቀይር። የድሮው ገመድ ሽፋኑ ደርቆ ስለሚሰባበር አዲስ ዘርጋ። የኔጌቲቩን ገመድ ከመኪናው እስከ እያንዳንዱ መብራት ለብቻው አድርሰው፤ በመጎተቻው ብረት በኩል ያልፋል ብለህ አትተማመን፤ ግራሶና ዝገት ሲገባበት መብራቱ ይጠፋል። ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራትና የኋላ መብራት ከበሩ በኋላ ሁለት ቀይ አንጸባራቂ ጨምርበት። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ማታ ማታ መብራት የሌለው ጋሪ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለንና።

ደጀን ሹፌር

ስለ መንጠቆው። ተሳቢህ ቀለበት ነው ያለው፤ መኪናህ ላይ ያለው የመጎተቻ ኳስ ከሆነ አይገጣጠሙም። ቀለበቱን አስቆርጠህ የኳስ መያዣ ከማስበየድ ይልቅ ለሃይሉክሷ የወታደር ዓይነት የሚዘጋ መንጠቆ አስገጥም። መንጠቆው ከመኪናዋ ሻንሲ ጋር በቡሎን ይታሰር እንጂ በመከላከያ ብረቱ ላይ አይበየድ። ከፍታውን ስታስተካክል ጭነቱ ተጭኖ ሳለ ተሳቢው ሜዳ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ፊቱ ሽቅብ ካለ ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዶ መኪናዋን ያወዛውዛታል።

ሁለት ሰንሰለት አድርግ፤ ከክንዱ ሥር በመስቀል ይለፉ። መንጠቆው ቢከፈት እንኳን ክንዱ በሰንሰለቱ ላይ ያርፋል እንጂ መሬት አይወጋም።

አሮጌ መካኒክ (ባሕር ዳር)

ሹፌሩ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የማክለው ኩሽኔታውን ስትመልስ የምታደርገውን ነው።

ግራሶውን በመዳፍህ ላይ አድርገህ የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ እየጫንህ ግፋው፤ ግራሶው በሮለሮቹ መካከል ወጥቶ በሌላው በኩል እስኪታይ ድረስ። ላዩን መቀባት ብቻ ዋጋ የለውም። ከገጠምህ በኋላ ጎማውን በአንድ እጅህ እያዞርህ ዳዶውን አጥብቅ፤ ጎማው መክበድ ሲጀምር አቁም። ከዚያ ጎማው ነጻ ሆኖ እስኪዞር ጥቂት አላላውና በቀረበው ቀዳዳ ላይ አዲሱን ፒን አስገባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ስታወዛውዘው የሚሰማህ ነገር ካለ የሚሰማህ ጥቂት ብቻ ይሁን።

ለሙከራ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሂድና ቆመህ ሞዞዎቹን በእጅህ ንካ። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅህን ማቆየት ካልቻልህ ጠብቋል።

ስለ ቀለሙም ልምከርህ። የወታደር አረንጓዴውን ቀይረው። የግል ንብረት መሆኑ በሩቁ ይታይ፤ በመንገድ ላይ ጥያቄ እንዳይበዛብህ። የሻንሲ ቁጥሩንና ያችን ሰሌዳ ግን ቀለም አታልብሳቸው፤ ለምዝገባ ስትሄድ የሚያዩት እነሱን ነው። የጨረታውን ሰነድ ቅጂ ከመኪናህ አትለይ።

ዘላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

ሰላም ለሁላችሁ። ዘግይቼ ተመለስኩ፤ ግን ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል።

ሁለት አዲስ ጎማ ከነከመነዳሪው ከበጀቱ ግማሽ በላይ ወሰደ። አላዘንኩም። ባለ 16 ቸርኬዎቹን ከወደቀ ዋዝ አገኘሁ፤ ገጥሜ አይቼ ነው የገዛሁት። ኩሽኔታው ከቡሬ መጣ። ክንዱን በያጃችን በተባለው መንገድ ከፍቶ ሞላው፤ መጀመሪያ ቢያጉረመርምም ስንጥቁን በጠመኔው ላይ ካሳየሁት በኋላ በሙሉ ልቡ ነው የሠራው። መንጠቆው፣ ሰንሰለቱና መብራቱ ተገጥመዋል። ለቀለም የተረፈችው ብር የበቃችው ለአንድ ጣሳ የዝገት መከላከያ ብቻ ነው፤ እሷንም ከሥር፣ ሻንሲው ላይ ጨረስኳት። ሣጥኑ ቀለሙ ተፍቆ ቀርቷል፤ አረንጓዴነቱ አይታይም፤ ማማሩ ግን ሽንኩርቱ ከተሸጠ በኋላ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ጭኜው ስሄድ ፍጥነት ስጨምር ጅራቱ ግራ ቀኝ ይላል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ሳይሆን አስፋልት ላይ ነው።

ደጀን ሹፌር

ሞተሩን ከአክስሉ ኋላ ጭነኸው ይሆናል። የእህል ነጋዴውን ሚዛን መልሰህ ተጠቀም። ተሳቢውን እንደምትጭነው ጭነህ፣ ክንዱ ሜዳ ሆኖ ሳለ ቀለበቱን በሚዛኑ ላይ አሳርፈው። የሚያሳይህ ክብደት ከጠቅላላው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ መሆን አለበት። ያንተ ባዶው 260፣ ጭነቱ 210 ከሆነ ከ47 እስከ 70 ኪሎ ማለት ነው።

ዘላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

22 ኪሎ ነበር ያሳየው! ሞተሩን ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት አምጥቼ፣ የመፍቻ ሣጥኑን ከፊት ግድግዳው ጋር ሳስጠጋ 54 ሆነ። በአስፋልቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይከተላል፤ ሞዞዎቹም ሁለቱም ለብ ነው የሚሉት። ሞተሩ ከቦታው እንዳይሸሽ ወለሉ ላይ ከአንጎላሬ አራት ማስቆሚያ አስበየድኩለት።

ጎሚስታው (መራዊ)

ጎበዝ። የጎማውን ዳዶዎች ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው፤ አዲስ የተገጠመ ቸርኬ ቦታውን ሲይዝ ይላላሉ። የግራው በግራ እንደሚጠብቅ ለሚረዳህ ልጅም ንገረው፤ እንዲያውም ቀስት በቀለም ሣልበት። ነፋሱን ደግሞ ለአይሱዙ እንደሚሞላው አትሙላው፤ ጭነቱ ቀላል ስለሆነ ይዘልልብሃል።

ዘላህ ወንዝ (ፍኖተ ሰላም)

ቀስቱን ዛሬ እሥላለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ለሞተሩ የሸራ ክዳን ማሰፋት እፈልጋለሁ። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው የሚያውቅ አለ?

እናት መለዋወጫ (ቡሬ)

ቡሬ መናኸሪያው አጠገብ አሉ። ርዝመቱንና ወርዱን ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ላይ የሚያርፍበትን ከፍታ ለክተህ ና፤ ውኃ እንዳያቁር መሐሉ ከፍ ብሎ ይሰፋልሃል።